ፍልሰታን ያልጾመች ድመት

ነሐሴ በእኛ አገር ወር አይደለም፣ ውሃ ነው። አዲሶቹ እንጅባራ ይሉታል ከተማውን፤ እኔ ኮሶበር ነው የምለው። ስሙን ሲቀይሩ ዝናቡን አልቀየሩትም። ጠዋት ጉሙ ከዘንገና ሐይቅ በኩል ይነሣና ቤት ለቤት ይዞራል፤ የጎረቤትህን በር ሳታየው ትውላለህ። እንደዚህ ባለው ቀን ልብ ያለው ሰው እሳቱን ይሞቃል። እኔ ግን ሚስማር ልገዛ ወጣሁ። ባለቤቴ «ዛሬስ አትውጣ» ስላለችኝ ነው የወጣሁት እንጂ ሚስማሩ ቢቆይ ይቆይ ነበር።

የጥሊሊ ሚኒባሶች ከሚቆሙበት ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ሥር የሚያልፍ የሲሚንቶ ቱቦ አለ። እዚያ ስደርስ ዝናቡ ባሰበት። ሰዉ ሁሉ ከየሱቁ ጣራ ሥር ተጠግቷል። እኔም ልጠጋ ስል ከቱቦው ውስጥ የልቅሶ ድምፅ ሰማሁ። ሕፃን መስሎኝ ደነገጥሁ።

«አባባ፣ ድመት ናት» አለኝ አንድ የባጃጅ ነጂ፣ ከባጃጁ ሳይወርድ። «ይተዋት። ውሃው ሲሞላ ይወስዳታል።»

ይተዋት ባይለኝ ምናልባት እተዋት ነበር። እንዲህ ሲለኝ ግን ጉልበቴን ጭቃው ላይ አስደግፌ ጎንበስ አልሁ። ውስጡ ጨለማ ነው። ሁለት ዓይን ብቻ ይታያል፣ ውሃው ከሥሩ ይወርዳል። ክንዴ አልደርስ ሲል የዣንጥላዬን ጠማማ እጀታ ሰደድሁላት።

«አባባ፣ በጾም ዓሣ ያጠምዳሉ?» አለ ከኋላዬ አንዱ። ሳቁ።

እጀታውን በጥፍሯ ያዘችው። ሳብሁት። የወጣችው የእጄን መዳፍ የምታህል ግራጫ ነገር ናት፤ ጭቃው ሲጠረግ ግራጫ ሆነች ማለቴ ነው፤ ስትወጣስ መልክ አልነበራትም። ስላወጣኋት አመሰገነችኝ እንዳትሉ፣ አውራ ጣቴን ቧጨረችኝ። ከጋቢዬ ሥር ደረቴ ላይ አደረግኋት። ዣንጥላውን ነፋሱ ገለበጠው። ሚስማሩን ረሳሁት።

ቤት ስገባ ባለቤቴ እሳት ዳር ተቀምጣ ነበር። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«ምንድን ነው እዚያ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው?»

«ልቤ ነው።»

«ልብህ ጅራት አለው?»

ወጥታ ነበር ለካ፣ ጅራቷ።

ባለቤቴ ክፉ ሴት አይደለችም። ግን ፍልሰታ ገብቶ ነበር። ፍልሰታን በእኛ ሰፈር ልጅ እንኳ ይጾመዋል፤ እሷማ ጠዋት ውሃ ሳትቀምስ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ፣ ቅዳሴ ሲወጣ ነው የምትመለስ። ጾሙ ሲገባ የወተቱን ዕቃ ሁሉ አጥባ፣ አጥና፣ ግድግዳው ላይ ሰቅላዋለች። እስኪፈሰክ ማንም አይነካውም።

«ስማ» አለችኝ። «ዝናብ ነውና ትግባ። ነገር ግን ወተት የሚባል፣ ሥጋ የሚባል ከዚህ በር አያልፍም። እኛ የምንበላውን ከበላች ትኑር። ካልበላች ወደ መጣችበት።»

የመጣችበት ቱቦው ነው። ያንን ሁለታችንም እናውቃለን።

ሽሮ ሰጠኋት። አሸተተችው፣ ቀና ብላ አየችኝ፣ «አንተ ይኸን ትበላዋለህ?» የምትል ትመስላለች። ድንች ቀቅዬ አላምጬ ሰጠኋት። ጨዉን ላሰችና ድንቹን ተወችው። የተልባ ውሃ ሰጠኋት። አፍንጫዋን ነከረችበትና አስነጠሳት። ባለቤቴ ከወዲያ ሆና ታያለች፤ ምንም አትልም። ዝም ስትል ነው የምታስፈራ።

በማግስቱ ድመቷ ማልቀስ ተወች። ስታለቅስ ደኅና ነበር፤ ዝም ስትል ፈራሁ። ሆዷ ከጀርባዋ ተጣብቋል። ጥርሷን አፏን ከፍቼ አየሁት፣ ገና የሩዝ ፍሬ አያህልም። ይቺ ሽሮ የምትበላ አይደለችም፣ እናቷን የምትጠባ ናት። እናቷን ደግሞ ከየት አመጣታለሁ።

በፍልሰታ ወተት ከክርስቲያን ቤት አይገኝም፤ ሁሉም ለፍስኩ ቅቤ ያወጣበታል። እኛ ሰፈር ያለው ሐጂው ጋ ነው። ሐጂው ባለሱቅ ነው፤ ከሱቁ ጓሮ አንዲት ላም አለችው። አብረን ነው ያረጀነው። ሄድሁ። ስኳር እየመዘነ አገኘሁት።

«ወተት አለህ?»

ቀና አለ። «ለማን?»

«ለድመት።»

«ለየትኛዋ ድመት?»

«ለእኔዋ።»

«አንተ ድመት የለህም።»

«አሁን አለኝ።»

ማንኪያውን ስኳሩ ውስጥ ሰካውና ጠጋ አለኝ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማኝ ወንድሜ። በረመዳን፣ ቀን ቀን፣ አንድ ጊዜ እንኳ እፊቴ ውሃ ጠጥተህ አታውቅም። አይቼልሃለሁ። ታዲያ እኔ በፍልሰታ ወተት እሸጥልሃለሁ? ነገ ፈጣሪ ሲጠይቅህ ‹ሐጂው ሰጥቶኝ› ልትል ነው?»

«ለድመት ነው አልሁህ።»

«ሆድህን ካመመህ ንገረኝ፣ አላፍርብህም። ለበሽተኛ ካህኑ ይፈቅዳል ሲሉ እሰማለሁ። ጠይቀህ ተመለስ። ሳትጠይቅ ግን ከእኔ እጅ አትፈስክም።»

እንግዲህ ምን ትሉታላችሁ። የእኔን ጾም እኔ ከምጠብቀው እሱ አብልጦ ጠበቀው። ወደ ቤት ተመልሼ ድመቷን ከጋቢው ሥር አድርጌ መጣሁና ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኋት። ሚዛኑ አልተነቃነቀም።

ሐጂው ሚዛኑን አየ፣ ድመቷን አየ፣ እኔን አየ።

«ይቺ ናት?»

«ይቺ ናት።»

«ይቺማ ድመት አይደለችም፣ የድመት ወሬ ናት።»

ተነሥቶ ገባ። ባዶ የቲማቲም ጣሳ አጥቦ፣ ሞቅ ያለ ወተት ጨምሮበት ወጣ። ጓዳው ውስጥ፣ ከጨው ከረጢቶች ጀርባ አስቀመጥንላት። መጀመሪያ እግሯን ነከረችበት። ከዚያ እግሯን ላሰች። ከዚያ ነገሩ ገባት። ሁለት ሽማግሌ ጎንበስ ብለን ጣሳ እናያለን።

«ቢስሚላህ እንኳ ሳትል» አለ ሐጂው፣ እሱም አብሯት ምራቁን እየዋጠ።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ከጋቢዬ ሥር አድርጌ ወደ ሱቁ ጓዳ እወስዳታለሁ፣ ጠጥታ ትመለሳለች። የባለቤቴን ትእዛዝ አልጣስሁም። ወተት ከዚህ በር አያልፍም አለች፤ ወተት አላለፈም፣ ድመት ናት ያለፈች። በድመት ሆድ ውስጥ የገባ ወተት እንደ ፍስክ ይቆጠራል ወይ ብዬ አልጠየቅኋትም። ሰው የማይወደውን መልስ ለምን ይጠይቃል።

ድመቷ ሆድ አወጣች። ሰው ግን ዓይን አለው። ቅዳሴ ሳይወጣ ወደ ሐጂው ጓዳ ሹልክ ስል ያዩኛል። ስወጣ ጢሜን እጠርጋለሁ፤ ዝናብ ነው የምጠርገው፣ ግን ዝናብ ነው ብሎ ማን ያምናል። ጋቢዬም ላይ ነጭ ነጠብጣብ ነበረበት አሉ። ጋቢ ነጭ ነው፣ ነጭ በነጭ ላይ እንዴት እንዳዩት እነሱ ያውቃሉ።

ወሬው ዳንግላ ደረሰ። እዚያ የተዳረች ልጅ አለችን። ደወለች።

«አባዬ፣ ደኅና ነህ?»

«ደኅና ነኝ።»

«እንዲያው ... ሰዎች አንድ ነገር ሲሉ ሰማሁ። ሰልሟል ይሉሃል።»

«ድመቷ ናት» አልኋት።

«ድመቷ ናት የሰለመችው?»

ኔትወርኩ ተቋረጠ። እሷ ምን ይዛ እንደቀረች አላውቅም።

በማግስቱ ባለቤቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ቆመች። «ሴቶቹ ስመጣ ወሬ ያቋርጣሉ» አለች። «በዚህ ዕድሜዬ በፍልሰታ የፈሰከ ባል ያላት ተባልሁ። ወይ ወጥተህ ንገራቸው፣ ወይ ድመቷን አውጣት።»

«አልጠየቁኝም። ያልጠየቀኝን ሰው አልመልስም።»

«እንዲጠይቁህ ምን ያድርጉ፣ ደወል ይደውሉልህ?»

«ይጠይቁኛ።»

«እሺ። የሚጠይቅህ ይመጣል። የነፍስ አባታችንን ጠርቻለሁ። አውጣት ካሉህ ግን እኔ ራሴ ነኝ የማወጣት፣ ቱቦውን አውቀዋለሁ።»

ያን ሌሊት ድመቷ ብብቴ ውስጥ ተኛች። እኔ አልተኛሁም።

የነፍስ አባታችን ከእኔ የመጨረሻ ልጅ ያንሳሉ። አንቱ የምለው ጥምጣማቸውን ነው። እሳቸው ደግሞ «ልጄ» ይሉኛል፤ ሥርዓቱ ነውና እሺ እላለሁ። ጭራቸውን ይዘው፣ እግራቸው ጭቃ በጭቃ ሆኖ ገቡ። መስቀል ተሳለምን። ድመቷ እንደ ወትሮዋ ከጋቢዬ ሥር ተኝታለች። ባለቤቴ በሩ አጠገብ ቆማለች።

«ልጄ» አሉ፣ «የምሰማው ደስ አይለኝም።»

«አባ፣ ከዚያ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎ።»

«ጠይቅ።»

«ጡት ያልጣለ ፍልሰታን ይጾማል?»

አሰብ አደረጉ። «ጡት ያልጣለማ አይጾምም። ግን ልጄ፣ አንተ ጡት ስትጥል እኔ አልተወለድሁም ነበር።»

ባለቤቴ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ትሳቅ ታልቅስ አላወቅሁም።

ቀጥዬ ልናገር ስል ድመቷ ነቃች። በጋቢዬ ጫፍ ራሷን አወጣች፣ የጭራቸውን ፀጉር አየች። ምን እንደመሰላት እንጃ። ዘልላ በአራት እግሯ ጨበጠችው። ካህኑ ጭራውን ከፍ አደረጉት፤ አብራ ከፍ አለች። ሲያወዛውዟት ተወዛወዘች እንጂ አልለቀቀችም። ትንፋሿ ወተት ወተት ይሸታል፤ ያንን እሳቸውም አሸተቱት።

«ይቺ ናት ሐጂው ቤት የምትፈስክ?»

«ይቺ ናት።»

«ድመት መንኵሳ ዓመሏን አትረሳ ይባል ነበር» አሉና ሳቃቸው አመለጣቸው። «ይቺስ ከነጭራሹ ምንኩስናውን አልጀመረችው።» ጭራቸውን በመከራ አስለቀቁ። ከዚያ ኮስተር አሉ፣ ፍርድ ሲሰጡ እንዲያ ነው። «ጾም ለእንስሳ አልተጻፈም። ትጠጣ። ነገር ግን የጾመኛ ቤት ነውና ከበሩ ውጭ ትጠጣ። የሰዉንም አፍ እኔ አስታግሳለሁ፣ እሑድ እነግራቸዋለሁ።»

«አይንገሩልኝ» አልሁ።

«ለምን?»

«ልጠየቅ እንጂ እንዲመሰከርልኝ አልፈልግም።»

ባለቤቴ ወደ ጣራው አየች። ካህኑ ጫማቸውን ሲያጠልቁ «በዚህ ቤት የሚጾመው ትዕግሥት ነው» ብለው ወጡ። ለማን እንዳሉት አልተናገሩም።

በነጋታው ሰማዩ ተቀደደ። እኔም ጉልበቴ ያዘኝ፣ ቱቦው አፍ የተንበረከክሁበት። ከመደቡ መነሣት አቃተኝ። ድመቷ ሰዓቷን ታውቃለች፤ በሩ ሥር ሄዳ ማልቀስ ጀመረች። ባለቤቴ ትፈትላለች። ጥቂት ፈተለች። ክሩ ተበጠሰባት። ቀጠለችው፣ ደግሞ ተበጠሰ። እንዝርቱን አስቀምጣ የእኔን ቦቲ ጫማ አጠለቀች።

«ወዴት ነው?»

«ዝም በል።»

ሄደች። ስትመለስ ከነጠላዋ ሥር የቲማቲሙን ጣሳ አወጣች። ሐጂው ምን አላት፣ እሷስ ምን አለችው፣ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። እንደ ፍርዱ ጣሳውን ከበሩ ውጭ አስቀመጠችው። ወዲያው ከጣራው የሚወርደው ውሃ ገባበት። አነሣችው። ግራ ቀኝ አየች፣ ሰማዩንም አየች። ከዚያ ጣሳውን ልክ መድረኩ ላይ አደረገችው፤ ግማሹ ውጭ፣ ግማሹ ቤት። ድመቷ ሰውነቷን ቤት ውስጥ አድርጋ አፏን ወደ ውጭ ሰደደች።

ባለቤቴ ጣቷ ላይ የፈሰሰውን ወተት ልትጠርግ እጇን አነሣች። በዚያው ቅጽበት የሰፈራችን ሴት በዣንጥላ አለፈች። ጣሳውን አየች፣ ወደ ባለቤቴ አፍ ቀረብ ያለውን ጣት አየች።

«እንዴት ዋሉ፣ እማማ?» አለች፤ መልስ ሳትጠብቅ እርምጃዋን አፈጠነች።

«አሁን ሁለታችንም ፈሰክን» አልኋት ባለቤቴን።

ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ጣቷን በቀሚሷ ጠረገችው። «በሩን ዝጋው» አለችኝ። «ብርድ እየገባባት ነው።»

«ጣሳው ላይ እንዴት እዘጋዋለሁ?»

«እንግዲያው ተነሥና ከልልላት።»

ጉልበቴን አልጠየቀችኝም። ግድግዳ ይዤ ተነሣሁ። መድረኩ ላይ ቆሜ፣ ጀርባዬን ለመንገዱ ሰጥቼ፣ ጋቢዬን በሁለት እጄ ዘረጋሁት። ዝናቡ በወገቤ ይወርዳል። «ወደ ግራ» ትለኛለች ባለቤቴ፣ ተቀምጣ። «ትንሽ ወደ ግራ፣ ጅራቷን እየመታት ነው።» ወደ ግራ አልሁ።