ያላሉትን አሉ ብዬ

ከቤተ ክርስቲያናችን በታች፣ ምንጩ ወርዶ በሚያርፍበት ቦታ፣ ሁለት ጥማድ የምትሆን ጥቁር መሬት አለች። ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ላይ ቆሞ ቁልቁል ለሚያይ ሰው፣ በበጋ አረንጓዴ ሆና የምትታየው እሷ ብቻ ናት። በርበሬ ይስማማታል። ስለዚህች መሬት ብዬ ያደረግሁትን ለልጆቼ በአፌ ነግሬያቸዋለሁ። አሁን ደግሞ እጽፈዋለሁ። መጻፍ ያስተማሩኝ አባቴ ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ከሌላ አገር የመጡ፣ መሬት የሌላቸው። ዳዊት አስደግመው፣ ሁለት ቀሚስ አልብሰው ዳሩኝ። ምንጭ ስወርድ ሴቶቹ ይስቁብኝ ነበር።

«የመሪጌታ ልጅ፣ ዜማ ይዘሽ መጣሽ እንጂ በሬ ይዘሽ አልመጣሽ።»

«በሬ ከጠፋ እሷን መጥመድ ነው፤ እያዜመች ታርሳለች» ትላለች ሌላዋ።

አብሬያቸው እስቅ ነበር። እንስራዬን አዝዬ ዳገቱን ስወጣ ግን ዓይኔ ወደዚያች መሬት ይሄዳል። አንድ ቀን የሚስቁብኝ ሴቶች እንዲነሡልኝ እፈልግ ነበር። ለልጆቼ ብዬ ነው እል ነበር፤ ለልጆቼ ብቻ አልነበረም።

መሬቷ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ነበረች። አያ እንላቸዋለን። አባታቸው ሲሞቱ ባለቤቴ ገና ጥርሱን ያልነቀለ ልጅ ነበር። ያሳደጉት፣ እርፍ ያስጨበጡት፣ የዳሩትም እሳቸው ናቸው። ሚስታቸው እኩያዬ ናት። የመጀመሪያ ልጄን በወለድኩ ጊዜ ጡቴ ደረቀብኝ። እሷም አራስ ነበረች። ልጄን ከእጄ ተቀብላ በአንዱ ጡቷ የራሷን ወንድ ልጅ፣ በሌላው የእኔን ሴት ልጅ አጠባች። ልጄ እህል እስክትቀምስ ድረስ በቀን አራት አምስት ጊዜ አጥራችንን ተሻግራ ትመጣ ነበር። ሳመሰግናት ትቆጣለች።

«ምን ታመሰግኚኛለሽ? ወተት ነው። እግዚአብሔር የሰጠኝን ሰጠሁ።»

ሌላም ነገር አለ። በደርግ ጊዜ፣ እኛ በተጋባንበት ዓመት፣ የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ እንዲሆን የተመረጠው ባለቤቴ ነበር። ጸሐፊ የሆነ ሰው ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ይውላል፤ ኮታ ሲሰበሰብ ከጎረቤቱ ይጣላል። እኔ አለቀስኩ። አያ ይህን ሰምተው ወደ ሊቀ መንበሩ ሄዱ።

«ሙሽራ ቀለም ከነካ ጫጉላው ይጠቁራል» ብለው ሰውን አሳቁ። «እሱን ተዉትና እኔ ልጻፍ።»

በእሱ ቦታ ገብተው አንድ ዓመት ጻፉ። ከዚያ በሌላ ሰው ተተኩ፤ ነገሩም ተረሳ።

አዲሱ መንግሥት ከገባ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መሬት እንደገና ሊደለደል ነው ተባለ። በቀድሞው መንግሥት ሥልጣን የነበረው ሰው «ቢሮክራት» ተብሎ አራት ጥማድ ብቻ ይቀርለታል፤ ትርፉ ለሌላ ይሰጣል። ኮሚቴ ተመረጠ። ባለቤቴ ዝምተኛ ነው፤ የሰው ድንበር ገፍቶ አያውቅም። ስለዚህ መረጡት።

አንድ ቀን ከኮሚቴ መጥቶ እግሩን እየታጠበ «ዛሬ የአያን ስም ያነሣ ሰው ነበር» አለኝ። «'እሳቸውም ጽፈው ነበር እኮ' አለ። እኔ፣ የአንድ ዓመት ጽሕፈት ሥልጣን አይባልም አልኩ። ሌሎቹም ተዉት።»

«ደግ አደረግህ» አልኩት።

እግሩን አበስኩለት። ልቤ ግን ከምንጩ በታች ነበር። መሬቷ ከእኛ ማሳ ጋር ኩታ ገጠም ናት። ከአያ ብትወሰድ ለማን እንደምትሰጥ ለማወቅ ኮሚቴ መሆን አያስፈልግም።

በሦስተኛው ቀን ወፍጮ ቤት ሄጄ ተመለስኩ። ምሳውን አቀረብኩለት።

«ዛሬ ወፍጮ ቤት አያን አገኘኋቸው» አልኩት። ይህ እውነት ነው። ጆንያዬን ከአህያው ላይ ያወረዱልኝ እሳቸው ነበሩ።

«ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው። ከሰው ጋር ይጫወቱ ነበር።»

ከዚያ ዝም አልኩ። እንደሚጠይቀኝ አውቄ ነው ዝም ያልኩት።

«ምን ይላሉ?»

«ተወው፣ ብላ።»

«ንገሪኝ እንጂ።»

«'ወንድሜን ኮሚቴ ያደረጉት ስለሚያውቅ አይደለም፤ እንደ በሬ ወደ ነዱት ስለሚሄድ ነው። እኔም እየነዳሁ ነው ያሳደግሁት' አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ።»

አያ ይህን አላሉም። ቃሉን የወፍጮ ተራ እስኪደርሰኝ ተቀምጬ እኔ ፈጠርኩት። ባለቤቴ በሕይወቱ የሚያፍርበት አንድ ነገር ቢኖር፣ በወንድሙ እጅ እንጂ በራሱ ሰው አልሆነም መባሉ ነበር። ይህን ለእኔ ብቻ ነግሮኝ ያውቃል።

እጁን ከገበታው አነሣ። «አያ? በአፋቸው?»

«በጆሮዬ ሰማሁ።»

ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አልጨመርኩም። መጨመር አላስፈለገም። አራት ቀን ከሰው ጋር ሳይነጋገር ዋለ።

ስብሰባው ከቅዳሴ በኋላ ዋርካው ሥር ነበር። እኔ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጫለሁ፤ የአያ ሚስት አጠገቤ ናት። «ቢሮክራት» ተብለው የተጻፉት ሰዎች ስም ተነበበ። ሰብሳቢው «የቀረ አለ?» ብሎ ጠየቀ።

ባለቤቴ ተነሣ። «አንድ ሰው ቀርተዋል» አለና የወንድሙን ስም ጠራ። «በደርግ ጊዜ የማኅበሩ ጸሐፊ ነበሩ።»

የአያ ሚስት እጄን ጨበጠችኝ። የደነገጥኩ መስሏት ነበር። በራሷ ላይ የወረደውን ትታ እኔን ታጽናናኝ ነበር።

አያ ተነሡ። «የጻፍኩት በእሱ ቦታ ነው» ቢሉ ይበቃ ነበር፤ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች እዚያው ተቀምጠዋል። ነገር ግን ያን ቢሉ ወንድማቸው በአገር ፊት ይዋረዳል። ባለቤቴን ረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«እውነት ነው፤ ጽፌያለሁ» ብለው ተቀመጡ።

መሬት ለመለካት ገመድ ተጣለ። መሬቷ ለእኛ ተሰጠች። በርበሬው ያዘልን፤ በሁለተኛው ዓመት ቤታችን ቆርቆሮ ለበሰ። ምንጭ ስወርድ ዜማ ይዘሽ መጣሽ የሚለኝ ጠፋ። ተሻምተው እንስራዬን ያሸክሙኝ ጀመር።

ሽማግሌዎች ወንድማማቾቹን ሊያስታርቁ እኛ ቤት መጡ። አያም አብረው መጡ። ባለቤቴ ያስቀየመውን ቃል ተናገረ።

አያ «ይህን አላልኩም» አሉ። «ታቦቱ ፊት ቆሜ እምላለሁ።»

«አይማሉ» አለ ባለቤቴ። «ሚስቴ በጆሮዋ ሰምታለች። በሐሰት ምለው ነፍሳቸው እንድትጎዳ አልፈልግም።»

ያን ጊዜ ጠላ እየቀዳሁ ነበር። አንዱ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ» አልኩ። ጠላው አልፈሰሰብኝም። ይህ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

አያ ጽዋቸውን ሳይቀምሱ ወጡ።

የቀረላቸው አራት ጥማድ ድንጋያማ ተዳፋት ነበር፤ ለቤተሰቡ አልበቃም። ሰሊጥ ሲደርስ ለአጨዳ ወደ መተከል ቆላ መውረድ ጀመሩ። በዕድሜያቸው እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ሰው አልነበረም። በሦስተኛው ዓመት ወባ ይዟቸው ተመለሱ። ከቡሬ ድረስ በቃሬዛ አመጧቸው። ሳምንት አልቆዩም።

ባለቤቴ ወንድሙ ሳይሞቱ አልደረሰም። መቃብሩን ግን እሱ ቆፈረ። አካፋውን እናግዝህ ቢሉት ለማንም አልሰጠም።

ልጄ ተማረች። ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይተንላት ጨረሰች፤ ነርስ ሆነች። ወደ አገር ስትመጣ መጀመሪያ የምትገባው የጡት እናቷ ቤት ነው። እኔ በር ላይ ቆሜ እጠብቃታለሁ።

ባለቤቴ ሲሸመግል «እንቁረብ» አለኝ። «ዕድሜያችን ሄደ። በሥጋ ወደሙ እንታተምና የቀረውን በሰላም እንኑር።» ባልና ሚስት አብረው ነው የሚቆርቡት። እኔ ንጹሕ ካልሆንኩ እሱም ይቀራል። ዛሬ ነገ እያልኩ ሁለት ጾም አሳለፍኩ። በመጨረሻ ለንስሐ አባቴ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ልጄ፣ ጾምና ስግደት እሰጥሻለሁ» አሉኝ። «የሟቹን ስም ግን አንቺ ነሽ የምትመልሽው። መጀመሪያ ለሚስታቸው፣ ከዚያ ለባልሽ ንገሪ።»

ከቤተ ክርስቲያን ወጥቼ በቀጥታ ወደ እሷ ሄድኩ። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትል ነበር። አልተቀመጥኩም።

«እህቴ፣ አያ ያንን ቃል አላሉም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት። መሬቷን ፈልጌ ነው።»

እንዝርቷን አላቆመችም። ክሩ ሲበጠስ ነው ያቆመችው።

«አላለም?»

«አላሉም።»

«እኔ እኮ አንቺን አመንኩ» አለች። «'አላልኩም' እያለ ሲለምነኝ፣ 'ልጇን ያጠባሁላት ሴት አትዋሽብኝም፤ ብለህ ነው' አልኩት። ከዚያ ወዲያ ነገሩን አንሥቶብኝ አያውቅም። ወደ ቆላ የወረደውም እንደ ተኮራረፍን ነው።»

ይህን አላውቅም ነበር። የወሰድኩባት መሬቷን፣ ከዚያም ባሏን ይመስለኝ ነበር። በሕይወት ሳሉ በመካከላቸው መግባቴን አላውቅም ነበር። እግሯ ላይ ወደቅሁ። አላነሣችኝም፤ አልገፋችኝምም። ከቆየች በኋላ «ተነሺ፣ መሬቱ ይበርድሻል» አለችኝ።

ለባለቤቴ በማግሥቱ ነገርኩት። ከምንጩ በታች የበርበሬ ችግኝ ያጠጣ ነበር። ሰምቶኝ ሲጨርስ ውኃውን ወደ ሌላው ቦይ መለሰ። ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጣ፤ እስከ ሠርክ ጸሎት ከወንድሙ መቃብር አጠገብ ተቀምጦ ዋለ። ሲመለስ ይመታኛል ወይም ሂጂ ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ጆሮዬ ውስጥ የከተትሽው አንቺ ነሽ» አለኝ። «አፉ ግን የእኔ ነበር። የጻፉት በእኔ ቦታ መሆኑን እያወቅሁ ነው የተነሣሁት።»

ከዚያ በኋላ አላነሣብኝም። አንድ ቀንም አልሰደበኝም። መሬቷን ለአያ ልጅ አስረከበ፤ ደብተሩ በእኛ ስም ቢሆንም የሚያርሰውም የሚያፍሰውም እሱ ነው።

የንስሐ አባታችን ለሁለታችንም ቀኖና ሰጡን። የእሱ አጭር፣ የእኔ ረጅም ነበር። የእኔ እስኪያልቅ ሊጠብቀኝ ተስማማ። «አብረን ነው የምንገባው» አለ። በየቀኑ ስግደቴን ስጨርስ «ስንት ሳምንት ቀረሽ?» ይለኛል። ስድስት ሳምንት ሲቀረኝ ታመመ። ልጄ ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ መጥታ አስታመመችው፤ ከሕመሙ ግን አልተመለሰም።

ካህናቱ፣ ለሞት የተቃረበ ሰው ሚስቱን አይጠብቅም ብለው፣ ቅዱስ ቍርባኑን ይዘው ቤት መጡ። የእኔ ቀኖና ስላላለቀ ከመቀበል ተከለከልኩ። ከበሩ ውጭ ቆሜ የቃጭሉን ድምፅ ሰማሁ። ሠላሳ ዓመት አብሬው የኖርኩት ሰው ብቻውን ቆረበ። ቢሆንም መቍረቡን አመሰግናለሁ። በእኔ ምክንያት ይህም ሊቀርበት ይችል ነበር።

የአያ ሚስትም መጥታ ነበር። ነጠላዋን አጣፍታ አጠገቤ ቆመች። ዋርካው ሥር እንዳደረገችው እጄን አልያዘችኝም። ካህናቱ እስኪወጡ ድረስ ግን ከአጠገቤ አልሄደችም። ስለዚህም እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።