እናቴና ባለ ጎማው ጠረጴዛ

ልጄ ሆዴ ውስጥ ተቀምጦ አልነሣም አለ። የሰው ልጆች ወራቸው ሲገባ ራሳቸውን ወደ ታች አዙረው ይጠብቃሉ፤ የእኔው ጭንቅላቱን ከጎድኔ ሥር ሰክቶ፣ መቀመጫውን ወደ በሩ አዙሮ ቁጭ። ሐኪሟ በመሣሪያው አየችውና «ኬሳሪ» አለችኝ። በቀዶ ጥገና ትወልጃለሽ ማለቷ ነው። የምወልድበትንም ቀን እዚያው ቆርጣ ሰጠችኝ፤ ማክሰኞ ጧት።

እናቴ ይህን ስትሰማ ልትስቅም ልትቆጣም ከጀላት። «ለመውለድም ቶር ይሰጣል?» አለች። ቶር እዚህ እስራኤል አገር ለሁሉም ነገር የሚያዝ ቀጠሮ ነው፤ ለጥርሱም፣ ለባንኩም፣ ለመታወቂያውም። «ቀኑን የሚያውቀው እግዜር ነው እንጂ ጸሐፊዋ ናት እንዴ? ደግሞስ ይኼ ቄሳር የሚሉት ማን ነው? በእኛ ልጅ ምን ጥልቅ አደረገው?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁን በግድ ልታዞረው ተነሣች። እሷ የምትኖረው ቂርያት ጋት አሮጌው ሰፈር፣ ሊፍት የሌለው ብሎክ ውስጥ ነው፤ እኔና ባለቤቴ ደግሞ ካርሜ ጋት አዲሶቹ ፎቆች ላይ። ከፋብሪካ ስመለስ በአውቶቡስ መጥታ ትጠብቀኛለች። ሶፋው ላይ ታጋድመኝና ቅቤ በመዳፏ አሙቃ ሆዴን በስሱ እያሸች ከልጁ ጋር ትጣላለች።

«አንተ ግትር! ዙር እንጂ! የአባትህን ወገን ነው የወጣኸው?»

ባለቤቴ ከወጥ ቤት ብቅ ይላል። «እማማ፣ እኔን ምን አድርግ ነው የሚሉኝ?»

«አንተን መቼ አልሁ፤ ወገንህን ነው።»

ልጁ ግን ንቅንቅ አላለም።

ሰው ሁሉ ቢላዋውን የፈራሁ ይመስለው ነበር። የሥራ ባልደረቦቼ ስለ ማደንዘዣው ያጽናኑኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ቢላዋው ብዙም አላሳሰበኝም፤ የፈራሁት እናቴን ነው። ከወለድሁ በኋላ እናቴ አትነካኝም ብዬ ነበር የፈራሁት።

እናቴ ያደገችው ጎንደር ውስጥ፣ በቤተ እስራኤል መንደር ነው። እዚያ ሴት ስትወልድ ከቤቷ ወጥታ መንደሩ ዳር ወደ ተሠራ ጎጆ ትገባለች። ጎጆው ዙሪያውን ድንጋይ ተደርድሮበታል። ምግብ የሚያመጣላት ሰው ከድንጋዩ ወዲህ ቆሞ ያስቀምጥላትና ዘወር ይላል። አራስ የነካ እሱም ይረክሳል፤ ገላውን ታጥቦ ፀሐይ እስክትጠልቅ ከሰው አይቀላቀልም። ለወንድ ልጅ አርባ ቀን፣ ለሴት ደግሞ ሰማንያ ነበር። ታላቅ እኅቴ የተወለደችው እዚያ ጎጆ ውስጥ ነው። በሱዳን አድርገው ወደዚህ ሲመጡ ብዙ ነገር መንገድ ላይ ቀርቷል፤ ይኼ ግን ከእናቴ ጋር ገባ።

እኅቴ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ በዓይኔ አይቻለሁ። እናቴ ድስቱን የመኝታ ቤቱ ደፍ ላይ ታስቀምጥና «እንኪ፣ ሳይቀዘቅዝ» ብላ ወደ ኋላዋ ትላለች። ፍቅር አንሷት አይደለም፤ እንደ እሷ አራስ የሚያርስ ሰው አላየሁም። እኅቴ ግን ድስቱን እየተነሣች ትወስድ ነበር። እኔ ሆዴን ተሰፍቼ እንዴት ልነሣ ነው? ምግቡንስ ባለቤቴም ያቀብለኛል። እኔ የፈለግሁት እናቴ እጄን እንድትይዘኝ ነበር። ትልቅ ሰው ሆኜ፣ የልጅ እናት ልሆን ደርሼ፣ «እምዬ፣ ያዢኝ» ማለት አሳፈረኝ።

ሰኞ ማታ ከሆስፒታሉ በታዘዘልኝ ልዩ ሳሙና ገላዬን መታጠብ ነበረብኝ። የጥፍር ቀለም ይለቃል፣ ቀለበት ይወልቃል፣ ከመኝታ በኋላም እህል ውኃ የለም። እናቴ አላመነችም።

«ወላድ ጦሟን ታድራለች? እኛ እኮ ምጥ ሲጀምረን ጉልበት ይሁናችሁ ተብለን እንጎርሳለን!» አለችኝ። ከዚያ ሳሙናውን አገላብጣ አየችው። «ደግሞ እኛ ወንዝ የምንወርደው ከወለድን በኋላ ነው። እነዚህ ሳትወልጂ ያጥቡሻል። ሁሉ ነገራቸው የተገላቢጦሽ ነው፤ ልጁ መዞሪያው ቢጠፋው ምን ይፈረድበታል!»

እጅጌዋን ሰብስባ ጀርባዬን ታሽልኝ ጀመር። እጇ ሻካራ ነው፤ በዚያ ላይ አትራራም። ከነገ ጀምሮ ይኼን እጅ አላገኘውም ብዬ ሳስብ እንባዬ ከውኃው ጋር ወረደ። እሷ ሳሙናው ዓይኔ ውስጥ የገባ መስሏት፣ «ጨፍኚ እንጂ፣ አንቺ!» ብላ ተቆጣችኝ። ጨፈንሁላት። እራት አቅርቤላትም አልቀመሰችም። «አንቺ ጦምሽን ልታድሪ እኔ ልጉረስ?» አለችና ሶፋው ላይ ተጋደመች።

ከተማችን ሆስፒታል ስለሌላት በማግሥቱ ጧት በመኪና ሄድን። ቀዶ ጥገና ክፍሉ ድረስ አብሮኝ እንዲገባ የተፈቀደለት አንድ ሰው ብቻ ስለነበር ባለቤቴ ገባ። እናቴ በሩ ላይ ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ እጄን ደጋግማ ሳመች። «እግዜር በሽልም ያውጣሽ» አለችኝ። አሳሳሟ የስንብት መሰለኝ።

ከደረቴ በታች መጋረጃ ዘረጉብኝ። ሕመም የለውም፤ ብቻ ሰው መሳቢያ ውስጥ የጠፋበትን ቁልፍ ሲያምስ ዓይነት ነገር ይሰማል። ልጄም እንደ ተቀመጠ፣ በመቀመጫው ወጣ። ሲያለቅስ ስሰማ እኔም አለቀስሁ። ባለቤቴ አንዴ እሱን አንዴ እኔን እያየ፣ የማንን እንባ አስቀድሞ እንደሚጠርግ ጠፋው።

ከሰዓት በኋላ ከነልጄ ወደ ወላዶች ክፍል ወሰዱኝ። እናቴ አጥሚት በፔርሙዝ ይዛ መጣች። «እንኳን እግዜር ማረሽ! እንኳን ማረሽ!» እያለች ገባችና አልጋዬን የሚከልለው መጋረጃ ጋ ስትደርስ ቆመች። እግሯ ራሱ ድንበሩን ያወቀ ይመስል ነበር። እኔ ከወገቤ በታች እንደ ግንድ ተጋድሜያለሁ። ለካስ እውነትም ልትነካኝ አይደለም አልሁ በልቤ።

እሷም ጨንቋታል። ፔርሙዙን እንደ ያዘች ዙሪያዋን ስታይ የሕመምተኛ ምግብ የሚቀርብበትን ባለ ጎማ ጠረጴዛ አየች። ፔርሙዙን ላዩ ላይ አስቀመጠችና በጣቷ ገፋ አደረገችው። ጠረጴዛው ያለ ድምፅ ተንሸራቶ መጥቶ ደረቴ ጋ ቆመ።

እናቴ ፊቷ በራ። «ውይ ጉድ! ያኔ ይችን ብናገኛት!»

ሳቅሁ። ስፌቱ ወጋኝ። «እምዬ፣ አታስቂኝ፣ ይተረተራል!»

ከዚያ በኋላ ማን ይቻላት። ብርቱካኑን ልጣ ገፋችልኝ፤ መሐረቡን፣ ስልኬን፣ ነጠላዋን ጭምር እያጠፈች ገፋችልኝ። እኔም ባዶውን ኩባያ መልሼ እገፋለሁ። ስናየው ያስቃል፤ እንስቃለንም። እኔ ግን ያን ጠረጴዛ ጠላሁት። ሁሉን ነገር አቀበለኝ፣ እናቴን ግን አላቀበለኝም።

አመሻሹ ላይ ባለቤቴ ልጁን ለምርመራ ይዞ እንደ ወጣ ነርሷ መጣች። መነሣት ግድ ነው፤ ካልተንቀሳቀስሽ ደሙ ይረጋብሻል፣ ቁስሉም ቶሎ አይሽርልሽም አለችኝ። ቀስ አድርጋ አስቀመጠችኝ፤ እግሬን ወደ ወለሉ አወረደችልኝ። የግሉኮሱን ማንጠልጠያ ልታቀርብልኝ ዘወር ስትል፣ ችኩሏ እኔ ብድግ አልሁ። ወለሉ ከሥሬ ሄደ። እጄ ያገኘውን ያዘ፤ ያገኘውም ጠረጴዛውን ነው። ጎማ አለው አይደል፣ እሱም ሄደ።

ፔርሙዙ ሲወድቅ ሰማሁ። ወለሉ ላይ ግን አልደረስሁም። ሁለት ሻካራ እጆች በብብቴ ገብተው ወደ ላይ ሳቡኝና ጉንጬ የእናቴ አንገት ላይ አረፈ። ቅቤ ቅቤ ትሸታለች። መጋረጃውን አልፋ ስትመጣ አላየኋትም። የሆስፒታሉ ቀሚሴ ጀርባው ክፍት ነው፤ ደሙ በእግሬ ይወርዳል፤ እሷ ግን ሙሉ በሙሉ አቅፋኛለች።

«እምዬ» አልኋት፤ «ረከስሽ እኮ።»

«ዝም በይ። ውኃው ለምን ተፈጠረና?»

በዚህ መሐል ባለቤቴ የልጁን አልጋ እየገፋ ተመለሰ። ልጁ ያለቅሳል። ነርሷም ማንጠልጠያውን ትታ ሮጣ መጣች፤ እናቴን በዕብራይስጥ፣ «አያት፣ ልቀቂያት፣ እኔ እይዛታለሁ። አንቺ ልጁን ያዢ» አለቻት።

እናቴ ሐኪም ቤት ስትገባ ዕብራይስጥ ተናግራ አታውቅም። ከልጅነቴ ጀምሮ አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። አሁን ግን በራሷ አፍ፣ «ያልዳ ሸሊ» አለች፤ «ልጄን ይዣለሁ» ማለቷ ነው። ቃሉ ግን «ሴት ልጄ» ነው።

ነርሷ፣ እናቴ የተሳሳተች መስሏት፣ ወደ አልጋው ጠቆመቻት። «አያት፣ ሴት አይደለም፤ ወንድ ነው።»

እናቴ ወደ አልጋው ዞራም አላየች። «ያልዳ ሸሊ» አለቻት ደግማ፤ ይበልጥም አጥብቃ ያዘችኝ።