ከጥላ ያወጣሁት ፊት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ እንኳን ሳልነግራት ቀበርኳት። እኛ ጴንጤዎች ነፍስ አባት የለንም፤ የምንናዘዘው በቀጥታ ለጌታ ነው እንላለን። ለጌታማ ስንቴ ነግሬዋለሁ! እሱ ግን አስቀድሞ ያውቀዋል። ለሚያውቅ መንገር ምን ድፍረት ይጠይቃል? ስለዚህ ዛሬ የማያውቀኝ ይስማኝ። እናንተ የምታነቡት፣ ስሙኝ፤ ግን አደራ፣ አትዘኑልኝ።

ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር። ያናገረኝ ስልክ ነው። የኅብረታችን ሰዎች ቴሌግራም ላይ የድሮ ፎቶ እየለጠፉ «የስደት ዘመን ትዝታ» ይላሉ። ባለፈው እሁድ ከምሳ በኋላ ልጄ ሰላም አጠገቤ ቁጭ ብላ ስታይ አንድ ጉርድ ፎቶ መጣ። ባርኔጣ ያደረገ፣ ሊስቅ ሲል የተያዘ ሰው። ወዲያው ለየሁት።

«ውይ አባዬ፣ የድሮ ፎቶ እንዲህ ይጠራል እንዴ? ቆይ ስክሪንሾት ላድርገው» አለችና ስልኩ ጎን ያሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ጫን አደረገቻቸው። ቀጭ አለ፣ አለቀ። ማስተማር ትወዳለች፤ የገረመኝ መስሏት ሌላም መንገድ አለው ብላ በሦስት ጣቷ ከላይ ወደ ታች ሳበችው። ቀጭ። ደግሞ መዳፏን በጎኑ አድርጋ ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር ጠረገችው። ቀጭ። «በል አንተም ሞክር፣ በመዳፍህ» አለችኝ። እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

በመዳፍ ምን እንደሚሠራ እኔን ነው የምታስተምረኝ?

ያኔ አዳማን ናዝሬት ነበር የምንላት፤ ዘመኑም የደርግ። ባቡር ጣቢያው አካባቢ ፎቶ ቤት ነበረኝ። ከፎቶ ላይ ፎቶ በማንሳት የሚደርስብኝ አልነበረም። የተቀደደም፣ ሻይ የፈሰሰበትም ይምጣ፣ አዲስ አድርጌ እመልሰዋለሁ። እሱም ብዙ መንገድ ነበረው። ፎቶውን ደጅ ፀሐይ ላይ አጋድሞ ማንሳት የሰነፍ ነው፤ ያብለጨልጫል። ግድግዳ ላይ ለጥፎ ግራና ቀኝ አምፖል ማብራት ይሻላል። ዋናው ሙያ ግን ጨለማ ክፍል ውስጥ ነው። ብርሃኑ ከፎቶ ማጉያው መሣሪያ ወረቀቱ ላይ ሲወርድ የጠቆረውን ፊት በመዳፍህ ትከልልለታለህ፤ የከለልክለት ቦታ ነጣ ብሎ ይወጣል። እጅህን ካላወዛወዝከው ጠርዙ ያስታውቃል። እኔ አላስታውቅም ነበር። እጁ የተባረከ ነው ይሉኝ ነበር። የተባረከ!

ጸሎት ቤታችን ታሽጎ ነበር። በየቤቱ ተደብቀን፣ አንዱን ቀን ልደት ሌላውን ቀን ለቅሶ አስመስለን እንሰበሰባለን። መዝሙሩ በሹክሹክታ ነው፤ ስንወጣም እየተነጣጠልን። እንዲህ የተጠነቀቅን ሰዎች ዝዋይ ሐይቅ ወርደን ወንድሞች የተጠመቁ ዕለት ምን ብናደርግ ጥሩ ነው? ፎቶ ተነሳን! ደስታ ያለ ፎቶ አይሆንማ። ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ፎቶው ላይ የሌለሁትም ለዚህ ነው። አንዲት ፎቶ ብቻ አጥቤ ለአንዲት እህት ሰጠሁና ነጋቲቩን አቃጠልኩት። በቃ፣ ጥንቃቄያችን ይህን ታክል ነበር።

ቶለራ ፎቶ አይወድም ነበር። ወንጂ ስኳር ፋብሪካ፣ ሸንኮራ መፍጫው ላይ የሚሠራ፣ ሲዘምር ብቻ ድምፁ የሚሰማ ሰው ነው። ግድ ብለነው ከሁሉም ኋላ፣ ግራሩ ጥላ ሥር፣ ባርኔጣውን ዝቅ አድርጎ ቆመ። ፎቶው ላይ ጥቁር ነገር ሆኖ ነው የወጣው፤ ሚስቱ ራሷ ብታየው አትለየውም ነበር።

የዚያች እህት ቤት ተፈተሸና ፎቶው ተገኘ። እሷ ማን እንዳነሳው ሳትናገር ታሰረች። የቀበሌው ካድሬ ፎቶውን ይዞ እኔው ጋ መጣ፤ በሙያዬ ነው እንጂ በጴንጤነቴ አያውቀኝም። የእያንዳንዳቸውን ፊት ጉርድ አድርገህ አውጣልኝ አለኝ። ፈራሁ? አዎ ፈራሁ። እስከዚህ ያለውን ፍርሃት ነው በሉልኝ። ከፊት የቆሙት ወይ ታስረዋል ወይ አገር ጥለው ሸሽተዋል፤ የኔ ፎቶ በእነሱ ላይ የሚጨምረው የለም። ያወጣሁለትን ጉርዶች ሲያገላብጥ ቆየና ዋናው ፎቶ ላይ፣ ግራሩ ጥላ ሥር ባለው ሰው ላይ ጣቱን አሳርፎ «ይሄኛው አይታወቅም፣ ተወው» አለ።

ተወው አለኝ! ካድሬው ነው ተወው ያለው። «ቆይ ጓድ፣ ይወጣል» ያልኩት እኔ ነኝ።

ማን ጠየቀኝ? የፈራ ሰው እኮ ዝም ይላል! ምላሴ ላይ ማን ተቀምጦ ነው? ስንት ዓመት ራሴን ጠይቄዋለሁ፤ መልሱ ሁሌ ያው ነው። አይወጣም ሲለኝ ሙያዬን የናቀብኝ መሰለኝ። አቤት ትዕቢት! ሰው ለገንዘብ ወንድሙን ይሸጣል፤ ሰው ተገርፎ የወንድሙን ስም ያወጣል። እኔ ግን «ጎበዝ» እንድባል ሸጥኩት።

ጨለማ ክፍል ገባሁ። ማበላሸት እንዴት ቀላል ነበር! መዳፌን ቶሎ ማንሳት፣ ወይም ጨርሶ አለመዘርጋት። ካድሬው ቀድሞም ተስፋ ቆርጧል፤ ማን ይጠይቀኛል? መዳፌን ዘረጋሁ፤ አወዛወዝኩ፤ እንደዚያ ቀን ተጠንቅቄ ሠርቼ አላውቅም። ወረቀቱን ማጠቢያ መድኃኒቱ ውስጥ ስከተው መጀመሪያ ባርኔጣው፣ ከዚያ አፍንጫው፣ ከዚያ ያ ሊስቅ ያለው አፉ ወጣ። ምን ተሰማኝ መሰላችሁ? ደስ አለኝ። የወንድሜን ፊት ለገዳዩ እያወጣሁ፣ ሥራው አምሮልኝ ደስ አለኝ።

ካድሬው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «አንተማ ጉደኛ ነህ» ብሎኝ ሄደ። ቶለራን ፋብሪካው በር ላይ ፈረቃ ሲለወጥ ወሰዱት። ፎቶውን ከፊቱ ጋር እያስተያዩ ነበር ብለው ያዩ ሰዎች ነገሩኝ። በዚያው ቀረ።

ይህ የመጀመሪያው ነው። የባሰው ገና አለ።

መርዶው ሲነገር ሚስቱ ጫልቱ ፎቶ ቤቴ መጣች። ሬሳውን አልሰጧትም። ለቅሶው ላይ የሚቀመጥ ፎቶም የላትም፤ ያለው አንድ መታወቂያው ላይ ነበር፣ እሱም አብሮት ሄዷል። «ወንድሜ፣ ሰዉ ምን እያየ ያልቅስለት? አንተ አንድ ቦታ አንስተኸው አታውቅም?» አለችኝ።

ነበረኝ። ለካድሬው ያወጣሁትን የዚያን ጉርድ ነጋቲቭ፣ ሥራዬን ወድጄው አስቀምጬው ነበር። የለኝም ማለት እችል ነበር፤ እውነቱን መናገርም እችል ነበር። ሁለቱንም ትቼ አጉልቼ አጠብኩላት። ፎቶውን ደረቷ ላይ አቅፋ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከዚያ ተነሳችና ይህን እጄን ሳመችው። «ጌታ ይባርክህ፣ ፊቱን መለስክልኝ» አለች። አሜን አልኳት። በየትኛው አፌ? ለቅሶውም ላይ ተገኘሁ። ፎቶው ወንበር ላይ ቆሟል፤ ሴቶቹ ወደሱ እያዩ ደረታቸውን ይደቃሉ። እኔ ጥግ ይዤ ንፍሮ እበላለሁ።

ጫልቱ ዛሬም አለች። በአክብሮት አዴ ጫልቱ ነው የሚሏት፤ ወንጂ ነው የምትኖረው። ፎቶው ግድግዳዋ ላይ ነው። ቴሌግራም ላይ የለጠፈው የልጅ ልጇ ነው። በየገናው ሸንኮራ ትልክልኛለች፤ ልጆቼ እየላጡ በልተው አድገዋል። እኔ ጥርሴን ያመኛል እያልኩ አልነካም።

ልንገራት? ብነግራት ያለቻትን አንዲት ፎቶ ምን ታድርጋት? ከግድግዳው አውርዳ የት ትጣላት? ለሷ ብዬ ነው ዝም ያልኩት እያልኩ ኖርኩ። ውሸት! ለሷ ብዬ አይደለም። መንገድ ላይ ስታገኘኝ ደስ ብሏት እጆቿን ዘርግታ ትመጣለች፤ ያንን እንዳላጣ ብዬ ነው። ባሏን ወሰድኩባት፣ ፍቅሯንም ሰርቄ እየበላሁ ነው።

እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም። እናንተ ምኔን ትምሩኛላችሁ? የበደልኩት እናንተን አይደለም። ይቅር ማለት የምትችለው እሷ ብቻ ናት። እሷ ደግሞ የተነጋገርን ቁጥር ስትሰናበተኝ የምትለኝ ያው አንድ ነው፤ «ጌታ ዕድሜ ይስጥህ»።

ይኸው ሰጠኝ።