አንበሳው የተዘቀዘቀበት ካፖርት

ባለፈው ሳምንት ጎንደር ፒያሳ አንድ ልብስ ቤት ገብቼ ቀይ ካፖርት ጠየቅሁ። ሻጩ ከእግር እስከ ራሴ አየኝና «ማዘር፣ ለእርስዎ የሚሆነው ይሄ ግራጫው ነው» አለኝ። ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ፤ አመድ መሰልኩት እንዴ? ወጥቼ ቀይ የሱፍ ጨርቅ አስቆረጥኩና ቤቴ ገባሁ። ስንት ዓመት የአበባ ማስቀመጫ ሆኖ የኖረውን የስፌት መኪናዬን ገለጥኩት። መቀሱን ሳነሳ የመጀመሪያው ካፖርቴ ትዝ አለኝ። እሱን የሰፋሁት ያኔ፣ በልጅነቴ፣ ያደግሁባት ደጋ ኮሶዬ ነው።

ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ ነበር። ዘጠነኛን ለመማር አምባ ጊዮርጊስ ድረስ በእግር መመላለስ ነበረብኝ። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ አንዴ ምክንያት ከያዘ ግን አይለቅም። «በዚህ ውርጭ በነጠላ? ምነው ልጄ፣ ሞት አማረሽ?» ይለኛል። የኮሶዬ ብርድ አጥንት ድረስ እንደሚዘልቅ እኔም አላጣሁትም። ያልነገረኝ ነገር ግን ነበር፤ ለጥር ሊድረኝ ከማዶ ሰፈር ሰዎች ጋር ተነጋግሮ ጨርሷል።

ያወቅሁት በነሐሴ፣ ጉሙ መንገዱን በዋጠበት ቀን፣ የልጁ ወገኖች ለቃል ማሰሪያ ብርድ ልብስ ይዘው ሲመጡ ነው። ወፍራም ነው፤ መሃሉ ላይ ትልቅ አንበሳ አለበት። እንዲህ ያለ ስጦታ እስከ ሠርጉ ቀን ከነእጥፉ ይቀመጣል። እናቴ ሣጥን ውስጥ ከተተችው። በማግስቱ ሁሉም ገበያ ሲሄዱ አወጣሁት።

መስፋት ያስተማረኝ ሰው የለም። የአባቴን ያረጀ ካፖርት ስፌቱን ፈታሁና ቁርጥራጩን ብርድ ልብሱ ላይ ዘርግቼ በከሰል አሰመርኩ። የተቆረጠ ጨርቅ እንደማይመለስ አውቃለሁ፤ ቆረጥኩት። ከዚያ ጎተራ ሥር ተደብቄ፣ ቅቅል ድንች እየገመጥኩ፣ ሦስት ቀን በጆንያ መርፌ ሰፋሁ። ገልብጬ ስለምሰፋ ፊቱን ልብ ብዬ አላየሁትም። ስጨርስ ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ በገዛ እጄ የሠራሁት የመጀመሪያ ልብሴ ነው።

እሁድ የልጁ ወገን ሽማግሌዎች የሠርጉን ቀን ሊቆርጡ መጡ። ጠላ ተቀድቶላቸው ሳለ ካፖርቴን ለብሼ ገባሁ። አባቴ ብድግ አለ።

«ምን አደረግሽ አንቺ?»

«አባዬ፣ ያስቸገረህ ብርዱ ነበር። ይኸው ካፖርት አለኝ። መስከረም ላይ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ።»

ዞሬ ልወጣ ስል ዋናው ሽማግሌ አያ ታከለ ጀርባዬን አይተው ሳቃቸው አመለጣቸው።

«በሉ እንነሳ! ማሰሪያውን የቆረጠች ልጅ ቃሉንም ቆርጣዋለች» አሉ። «አንበሳውን ግን ምነው ዘቀዘቅሽው?»

አባቴ በብርድ ልብሱ ምትክ ሙክት ነድቶ ይቅርታ ሊጠይቅ ሄደ፤ እኔን ደግሞ እስከ ዘመን መለወጫ አኮረፈኝ። ትምህርት የተከፈተ ዕለት ግን በር ላይ ጠብቆ ኪሴን ገብስ ቆሎ ሞላልኝ። «ኪሱ ሸጋ ነው» አለ። ስለ አንበሳው ትንፍሽ አላለም።

ያንን ካፖርት አራት ዓመት ለበስኩት፤ የመንገድ ልጆች ሲስቁብኝም አላወለቅሁትም። በኋላ ደመወዝ መጣ፣ ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ መግዛት ቀለለኝ፤ ሌላ ሰው የመረጠልኝን እየለበስኩ አረጀሁ። በዚህስ እቆጫለሁ።

አሁን ቀዩ ካፖርቴ እጅጌው ብቻ ቀርቶታል። ልጄ መጥታ «እማዬ፣ በዚህ ዕድሜ ቀይ? ሰው ምን ይላል?» አለችኝ። ያሻውን ይበል! ያ ብርድ ልብስ ዛሬም ፊቴ ቢዘረጋ እቆርጠዋለሁ፤ አሁንማ አንበሳውን ቀና አድርጌ።