ሳይነበብልኝ ያተምኩት ቃል

በየትኛው ዓመት እንደነበር በትክክል አላስታውስም። ማሽላው አሽቶ ወፍ የሚጠበቅበት ጊዜ እንደነበር ግን አልረሳም። ነገሩን ያስታወሰኝ ባለፈው ሳምንት ለጎረቤቴ ምስክር ሆኜ ቆቦ ፍርድ ቤት መቅረቤ ነው። ቃሌን የምትጽፈው ልጅ ስትጨርስ ቀና ብላ፣ «አባባ፣ ላንብብልዎት፤ ያላሉት ካለ ያርሙኝ» አለችኝ። ሁለት ጊዜ አስነበብኳት። አልሰለቸችም።

ያን ጊዜ ጢሜ ገና ማቀምቀሙ ነበር። ሮቢት አጠገብ ካለው ማሳችን አንድ ግመል ገብቶ አገኘሁ። በእኛ አገር ባለቤቱ ያልታወቀ ከብት ሲገኝ አስሮ ማብላት፣ ለሰው መናገር፣ ከዚያ በገበያ ቀን ማስለፈፍ ነው ደንቡ። እኔም ጓሮ አሰርኩት፤ አገዳ ሰጠሁት፤ ውሃ ለሚቀዱት ሴቶች ሁሉ ተናገርኩ። የገበያው ቀን ሳይደርስ ባለቤቱ ከዋጃ መጣና ሌባ ብሎ በፖሊስ አስያዘኝ።

ጣቢያ ውስጥ ቃሌን የተቀበለኝ አንድ ወጣት ፖሊስ ነው። እኔ ስናገር ብዙም አይጽፍም፤ አጠገቡ የተቀመጠው ባለግመል ሲናገር ነው እጁ የሚሮጠው። ጨርሶ ወረቀቱን ገፋ አደረገልኝና፣ «አውራ ጣትህን» አለኝ። አንብብልኝ ማለት ፖሊሱን ውሸታም ማለት መሰለኝ፤ አፈርኩ። ጣቴን ቀለም ነክሬ አተምኩ።

እስር ቤት አንድ ጎልማሳ እስረኛ ነገሬን ሰምቶ ሳቀብኝ።

«ግመል ሰርቀህ ጓሮ አሰርክ? አንገቱ እኮ ከአጥር በላይ ነው፣ ወንድሜ። እንዳንተ ያለ ሌባስ አላየሁም።»

እኔን የሚያስጨንቀኝ ማሽላው ነበር። አባቴ የለም፤ እናቴ ብቻዋን ወንጭፍ ይዛ ያን ሁሉ ወፍ አትችለውም። ከተፈረደብኝ የዓመት ቀለባችን ሄደ ማለት ነው።

ፍርድ ቤት ስቀርብ ዳኛው ወረቀቱን አነበቡ። ግመሉን ከዋጃ ነድቼ እንዳመጣሁ ይላል።

«አሻራው ያንተ ነው?»

«የኔ ነው፣ ጌታዬ።»

«ቃሉስ?»

«እንዲህ ያልኩ አይመስለኝም… ወረቀቱ ካለ ግን…»

ሰው ሳቀ። ዳኛው እስክሪብቷቸውን አነሱ። ያን ጊዜ አጅቦ ያመጣኝ ያው ወጣት ፖሊስ ከበሩ ወደ ፊት ራመድ አለ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አላነበብኩለትም።»

«ለምን?»

«ባለግመሉ የአለቃዬ እንግዳ ነበር። እሱ እየነገረኝ ነው የጻፍኩት። ይኼ ልጅ ነዳሁ አላለም።»

ዳኛው ወረቀቱን ወደ ጎን አድርገው እኔኑ ጠየቁኝ፤ ለማን እንደተናገርኩ ስነግራቸው ውሃ የሚቀዱት ሴቶች እንዲጠሩ አዘዙ። በሳምንቱ ቀርበው የሚያውቁትን ተናገሩ፤ ተለቀቅሁ። ማሽላውን ወፍ አጋምሶት ደረስኩ፤ የቀረውን ሰበሰብን። ፖሊሱን ግን ከቆቦ አንስተው ወደ ሩቅ በረሃ ላኩት ሲባል ሰማሁ።

ባለፈው ሳምንት ልጅቷ ስታነብልኝ፣ ውለታ የዋለችልኝ ይመስል ልመርቃት ዳዳኝ። ሥራዋ መሆኑ ትዝ ሲለኝ ደስ አለኝ። ሥራ ከሆነ ሁሉም ያገኘዋል። በእኔ ጊዜ አንድ ሰው ጥፋቱን በዳኛ ፊት እስኪያምን፣ እንጀራውንም ለአደጋ እስኪያጋልጥ መጠበቅ ነበረብኝ። ስሙን የጠየቅሁት እጄን ሲፈታልኝ ነው። ሰይድ እባላለሁ አለኝ።