እግረ እርጥብ

ወንዙ ዳር በተሠራው አዲስ መናፈሻ ልጆች እግራቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው ይንጫጫሉ። እኔ ግን ትዝ ያለችኝ የጎረቤታችን ልጅ ሰናይት ናት።

ልጆች ሳለን፣ የጎጃም በረንዳው ቅቤ ነጋዴ ጋሼ ወርቁ ጠዋት ሱቃቸውን ሲከፍቱ ከሷ በፊት ማንም አይገባም ነበር። “ነይ ግቢልኝ፤ አንቺ እግረ እርጥብ ነሽ፣ የገባሽ ቀን ገበያ ይቀናኛል” ይሏታል። የሰጧትን ከረሜላ እየላሰች ስትወጣ አንጀቴ ያርር ነበር።

አንድ ቀን በማለዳ ወንዝ ወረድኩና እግሬን እስከ ጉልበቴ ነክሬ ሽቅብ ሮጥኩ። በጭድ ተራ ሳልፍ ገለባው እርጥብ እግሬ ላይ ተለጠፈ። ሰናይትን ቀድሜ፣ “ጋሼ፣ የኔም እርጥብ ነው!” ብዬ ሱቁ ውስጥ ዘው አልኩ።

ጋሼ ወርቁ እግሬን አይተው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። “ልጄ፣ እሱ እኮ ሲሰጥ ነው እንጂ ተነክሮ አይገኝም” አሉኝ። ከረሜላም ሰጡኝ። ከዚያ፣ “በይ አሁን ሰናይትን ጥሪልኝ” አሉ።

ነገ ልጄ ዱባይ ተራ የጫማ ሱቅ ይከፍታል። ትናንት ማታ፣ “እማዬ፣ ቀድመው እንዲገቡልኝ እትዬ ሰናይትን ጥሪልኝ” አለኝ።

ወንዙ ዳር ቆሜ ግራ ቀኜን አየሁ። የሚያውቀኝ ሰው የለም። ጫማዬን አወለቅኩ።