ኮምጣጣው የአሳ ሾርባ

እህቴ ከቤይሩት የተመለሰችው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው። ጂንካ ውስጥ አራት ጠረጴዛ የምትይዝ ምግብ ቤት ተከራየች። ቤይሩት በአንድ ቤት አብራት ትሠራ የነበረች ፊሊፒናዊት፣ እህቴ በታመመች ቁጥር ሲኒጋንግ የሚባል የአሳ ሾርባ እየሠራች ታበላት ነበር። እህቴ የእሱን አሠራር ይዛ መጣች። አሳው ከኦሞራቴ በመኪና ይመጣል፤ ሾርባውን የሚያኮመጥጠው የሁመር ፍሬ ከወይጦ። በእንጀራ ፋንታ ነጭ ሩዝ ይቀርባል።

በከፈተች ዕለት ነገረችኝ። ሰው ሾርባውን ከለመደላት ትቀራለች። ካልሆነ ያኔ ቤይሩት የላካት ደላላ ሌላ ቪዛ ይዞላታል፤ መልሷን እስከ ቅዳሜ ይጠብቃል። እሺ አልኳት። በሌለችባቸው ዓመታት ስለ እሷ ደብተር ሙሉ ግጥም ጽፌያለሁ። ከመጣች ወዲህ ግን ሳያት ምንም አይሰማኝም፤ ጎረቤት የመጣ ያህል ነው።

ሰኞ ዕለት ከጎጃም ተመድቦ የመጣ መምህር አንድ ማንኪያ ቀምሶ ሳህኑን ገፋው።

«እትዬ፣ ይሄ ነገር አድሯል።»

ጠዋት የተሠራ መሆኑን ብትነግረውም ሽሮ አዘዘ። እስከ ረቡዕ ድስቱ እንደሞላ ዋለ። ሐሙስ ግን አንድ የጋሞ ግንበኛ ሾርባው ላይ ሁለት ማንኪያ ዳጣ ጨመረበትና ላቡ እስኪወርድ በላ። ከዚያ ሽሮ እየበላ ዛሬም «አድሯል» ወዳለው መምህር ዞረ።

«መምህር፣ አድሮ እንዲህ ከጣፈጠ እኔም እዚሁ ልደር።»

ቤቱ ሳቀ። እህቴ ዳጣው ሲገባበት ፊቷን አጨማድዳ ነበር፤ በማግስቱ ግን በየጠረጴዛው አንድ አንድ ብልቃጥ ዳጣ አስቀመጠች። ቅዳሜ ገበያተኛው ገባ፤ ሰባት ሰዓት ሳይሆን ድስቱ ተጠረገ። መምህሩም ዳጣ ጨምሮ በላ።

ለእኔ ያስቀረችውን አንድ ሳህን አቅርባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ጥሩ ነበር። ኮምጣጣው መጀመሪያ መንጋጋን ይይዛል፣ ከዚያ የአሳው ጣዕም ይመጣል፣ ሩዙ ደግሞ ሁሉንም ያለዝበዋል። የእጇ አንጓ ላይ የካውያ ጠባሳ አየሁ። ከዚያ በፊት አላየሁትም ነበር።

«ምን ትላለህ፣ ልቅር?» አለችኝ።

የሰውን መልስ ከድስቱ አግኝታዋለች፤ የፈለገችው የእኔን ነበር። ቅሪ ማለት አንድ ቃል ነው። ፈለግሁት፣ ከአፌ አልወጣም።

«እንደ ፍላጎትሽ» አልኳት።

ተነሥታ ወደ ማድ ቤት ገባች፤ ከመጋረጃው ጀርባ ለደላላው ስትደውል ሰማኋት። ፓስፖርቷ ጊዜው እንዳላለፈ በትሕትና ነገረችው። እኔ የቀረውን ሾርባ ሩዙ ላይ ገልብጬ መብላቴን ቀጠልኩ።